እሸት ቡና በሐረር

እሸት ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው በቆሎና ሽምብራ ነው። ቡናም እሸት አለው። ዛፉ ላይ በስሎ የቀላው፣ ገና ያልደረቀው ፍሬ እሸት ቡና ይባላል፤ ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ደግሞ ጀንፈል ይሆናል። የውጭ ነጋዴዎች ቀዩን ፍሬ «ቼሪ» ያሉት መልኩ ቼሪ የሚባለውን ትንሽ ቀይ ፍራፍሬ ስለሚመስል ብቻ ነው፤ ሁለቱ ዝምድና የላቸውም። እውነተኛው ቼሪ ለማፍራት ረጅም የቅዝቃዜ ወራት ስለሚፈልግ ለሐረርጌ እንግዳ ነው።

የሐረርጌ ቡና የበልጉን ዝናብ ተከትሎ ያብባል። ነጩ አበባ በጥቂት ቀናት ይረግፋል፤ ፍሬው ግን ለመብሰል 8 ወይም 9 ወር ይፈጅበታል። ለቀማው ጥቅምት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥር ይዘልቃል። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ፣ ብጫና ቀይ ፍሬ አብሮ ስለሚገኝ አንዱ ዛፍ ደጋግሞ ይለቀማል።

እሸቱ ይበላል፣ ወይም በትክክል ለመናገር ይመጠጣል። ልጣጩ ጠንከር ያለ ነው፤ ጥርስ ጫን ሲለው የሚያዳልጡ ሁለት ፍሬዎች ብቅ ይላሉ፤ በዙሪያቸው ያለው ለጋ፣ ማር ማር የሚል ዝልግልግ ፈሳሽ ተመጥጦ ፍሬዎቹ ይተፋሉ። የተቆላ ቡናን ጣዕም የጠበቀ ሰው ያፍራል፤ ቡና ቡና አይልም። ሥጋው ስስ ስለሆነ ለምላስ እንጂ ለሆድ የሚሆን ፍራፍሬ አይደለም። 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት 5 ወይም 6 ኪሎ ገደማ እሸት ያስፈልጋል።

ሐረርን ከሌሎች የሚለየው ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነው። ይርጋጨፌና ሲዳማ በታጠበ ቡናቸው ስም አውጥተዋል፤ እዚያ እሸቱ ተፈልፍሎ ሥጋው ይወገዳል። ሐረር አያጥብም። እሸቱ እንዳለ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ለሳምንታት እየተገላበጠ ይደርቃል፤ ፍሬው ከሥጋው ሳይለይ ስለሚከርም ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ጣዕም ይይዛል። የውጭ ቀማሾች ብሉቤሪ በሚባለው ትንሽ ሰማያዊ ፍራፍሬ መስለውት «ብሉቤሪ ብሉቤሪ ይላል» ይላሉ። ብሉቤሪ በዓይኑ ላላየ የሐረር ሰው እንጆሪ ቢሉት ይቀርበው ነበር።

የተቀሸረው ገለፈትም አይጣልም። ተፈልቶ ሐሸራ የሚባል መጠጥ ይሆናል፤ ከወተት ጋር የሚፈላው ሆጃ ነው። ከቀይ ባሕር ማዶ ያሉት የመኖችም የገለፈቱን መጠጥ ቂሽር ብለው ይጠጡታል። ቅጠሉ ቁቲ ሆኖ ይፈላል። በኦሮሞ ዘንድ ደግሞ «ቡና ቀላ» የሚባል አለ፤ ጀንፈሉ ከነገለፈቱ በቅቤ ተጠብሶ ለምርቃት ይቀርባል። በብዙ ቦታ ገለፈት ቆሻሻ ነው፤ እዚህ ግን ከቤት የማይጠፋ ነው።

ስሙ የከተማው ይሁን እንጂ ቡናው የሚበቅለው በሰፊው የሐረርጌ ደጋ ነው፤ በጨርጨር ተራሮች፣ በገለምሶ፣ በበደኖ። ሐረር ገበያውና የንግድ ስሙ ናት። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1880 ወደ ሐረር የመጣው ለቡናና ለቆዳ ንግድ ተቀጥሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ ቡናው ወደ ጅቡቲ የሚወርድበት በር ወደ ድሬዳዋ ዞረ፤ ከተማዋም የመቀሸሪያና የመጋዘን ከተማ ሆነች።

ብዙ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተክሏል፤ ቡና በዓመት አንዴ ሲደርስ ጫት ግን ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ገንዘቡም ቶሎ ይገባል። ይህን ስሌት ከሩቅ ሆኖ መውቀስ ቀላል ነው።

እሸቱ ራሱ ከተማ ብዙም አይታይም። ከተለቀመ ብዙ ሳይቆይ መብላላት ስለሚጀምር ቆላማው ድሬዳዋ የሚደርሰው ደርቆ ነው። እሸቱን መቅመስ የፈለገ ሰው ኅዳር ላይ ወደ ገለምሶ ወይም ወደ በደኖ ወጥቶ፣ ባለማሳውን አስፈቅዶ፣ በጣም የቀላውን መርጦ መቅጠፍ አለበት።