የውስጥ አርታዒን ዝም ማሰኘት ምንድን ነው?

የውስጥ አርታዒ የሚባለው፣ ደራሲው ዓረፍተ ነገሩን ገና ጽፎ ሳይጨርስ «ይህ አይረባም» እያለ የሚያቋርጠው የራሱ የመመዘን ችሎታ ነው። ችሎታው በራሱ ነውር የለበትም፤ ብዙ ያነበበ ሰው ሁሉ አለው፣ ያለ እርሱም መጽሐፍ ተስተካክሎ አይወጣም። ችግሩ ያለ ሰዓቱ መምጣቱ ነው። ዝም ማሰኘት ማለትም ረቂቁ ከዳር እስኪደርስ ድረስ ማረምን፣ መሰረዝንና ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብን አውቆ ማቆየት ነው።

ሐሳቡ በሰፊው የተሰማው «ናኖራይሞ» በሚል አጭር ስም በታወቀው የልቦለድ ጽሕፈት ወር አማካይነት ነው። ክሪስ ቤቲ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1999 በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ሲጀምረው ተሳታፊዎቹ 21 ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ ኖቬምበር ወር ከተዛወረ በኋላ በብዙ አገሮች ተስፋፋ። ያስተባብረው የነበረው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 መዘጋቱን ቢያስታውቅም ልማዱ አልቀረም። ደንቡ በ30 ቀን 50,000 ቃላት መጻፍ ነው፤ የጻፈ ሁሉ አሸናፊ ይባላል፣ ጽሑፉን አንብቦ ደረጃ የሚሰጥ ዳኛ የለም።

50,000 ለ30 ሲካፈል በቀን ወደ 1,667 ቃላት ይደርሳል። (በአማርኛ አንድ ግስ ባለቤቱንና ተሳቢውን አንዳንዴም አሉታውን አዝሎ ስለሚመጣ፣ ያው ታሪክ በእንግሊዝኛ ከሚወስደው ባነሰ የቃላት ብዛት ያልቃል፤ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ኮታውን ዝቅ ቢያደርግ አጭበረበረ አያሰኘውም።) ይህ ቁጥር አርታዒውን ዝም የሚያሰኘው በምክር ሳይሆን በሒሳብ ነው። የሚቆጠረው ገጹ ላይ ያለው ቃል ብቻ ስለሆነ፣ አንድ አንቀጽ መሰረዝ ከዕለቱ ሥራ ላይ መቀነስ ይሆናል፤ ስለዚህ በሌላ ጊዜ ትጋት የሚመስለው እርማት እዚህ በግልጽ ዋጋ ያስከፍላል።

ለዓመታት ወዳልረገጠችው ቤት በምትመለስ ሴት የሚጀምር ልቦለድ እናስብ። ደራሲው «በሩን ከፈተችው» ብሎ ይጽፋል። «ከፈተችው» ደረቅ ይሆንበትና «ገፋ አደረገችው» ይለዋል፤ ቀጥሎ በሩ ተቆልፎ መቆየት እንደነበረበት ትዝ ይለውና ቁልፍ ይጨምራል፤ ከዚያ ደግሞ ቁልፉን ከየት አመጣችው የሚለው ያስጨንቀዋል። ግማሽ ሰዓት አልፎ ሴትዮዋ አሁንም ደጅ ቆማለች። ከሁሉ የሚከፋው ግን ይህ ትዕይንት ጭራሽ ላያስፈልግ መቻሉ ነው፤ ታሪኩ ሲያልቅ፣ መጀመር የነበረበት ወንድሟ ደብዳቤዋን ከሚያነብበት ከምዕራፍ 3 ሆኖ ይገኝ ይሆናል። የመጀመሪያው ገጽ መልካምነት የሚታወቀው ለሚከተለው ታሪክ በሚሰጠው አገልግሎት ነው። ታሪኩ ገና ሳይኖር የሚፈርድ አርታዒ፣ እንደኔ ግምት፣ ከጨካኝነቱ ይልቅ መረጃ የሌለው ዳኛ መሆኑ ነው ይበልጥ የሚጎዳው።

በተግባር የሚሠራባቸው ዘዴዎች ቀላል ናቸው። የገጸ ባሕርይ ስም ወይም መረጋገጥ ያለበት መረጃ ሲጎድል፣ ፍለጋ ከመውጣት ይልቅ በጽሑፉ ውስጥ ሌላ ቦታ የማይገኝ ምልክት፣ ለምሳሌ ሦስት ኮከብ፣ አስቀምጦ ማለፍ ይቻላል፤ በኋላ ምልክቱን በኮምፒውተሩ መፈለጊያ ማግኘት አያስቸግርም። የፊደል ግድፈትን በቀይ የሚያሰምረውን መሣሪያ ማጥፋት፣ ሰዓት ሞልቶ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ሳያቋርጡ መጻፍም የተለመደ ነው። ብዙዎች የሚሰናከሉት ግን ታሪኩ መሐል ላይ ሲለወጥ ነው። ደራሲው ምዕራፍ 7 ላይ ሲደርስ ወንድምየው የአጎት ልጅ ቢሆን እንደሚሻል ከገባው፣ ስድስቱን ምዕራፎች ለማቃናት አይመለስም፤ በማስታወሻው «ከዚህ ጀምሮ የአጎት ልጅ ነው» ብሎ ይይዝና ድሮም እንደዚያ እንደነበረ አድርጎ ይቀጥላል። ይህን ማድረግ ለጥንቁቅ ሰው እውነተኛ ጭንቀት ነው፤ ነገር ግን ረቂቁ ከሚቋረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ወደ ኋላ መመለስ ነው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም፣ ፍሬም አለው። በፍጥነት የተጻፈ ረቂቅ ብዙ ለቀማ ይጠይቃል፤ ዘዴውም ይህን አይክድም፣ ለቀማው አንድ ላይ ይሁን ነው የሚለው። እያንዳንዱን ገጽ እያጠራ ሄዶም መጽሐፉን የሚጨርስ ደራሲ አለ፤ እንዲህ ያለው ሰው ልማዱን የሚቀይርበት ምክንያት የለም። ኮታ ለመሙላት ሲባል የገጸ ባሕርዩን ሙሉ ስም በየዓረፍተ ነገሩ መደጋገምም በተሳታፊዎች ዘንድ የታወቀ ብልሃት ነው፤ ያ ቁጥሩን እንጂ ታሪኩን አያሳድግም።

አርታዒው የሚጠራው ረቂቁ አልቆ ጥቂት ሳምንታት ካደረ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ንባብ ሳያርሙ ከዳር እስከ ዳር የሚደረግ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀጥሎ የሚወጡትና ቦታ የሚቀያየሩት ምዕራፎች ይለያሉ፣ ሦስት ኮከብ የተደረገባቸው ክፍት ቦታዎች ይሞላሉ፣ የቃላት ምርጫና የፊደል ግድፈት የሚታዩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ነገ በሚወጣ ምዕራፍ ውስጥ ያለን ዓረፍተ ነገር ዛሬ ማቃናት ለማንም አይጠቅምምና።