የቤት ባትሪ ለጋራው ግሪድ፦ ቨርሞንት እንዴት ጀመረችው?

ቨርሞንት በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ያለች፣ ደን የሸፈናት ትንሽ ግዛት ናት። የኤሌክትሪክ መስመሮቿ ጫካ ለጫካ ነው የሚያልፉት። እርጥብ በረዶ ቅርንጫፍ ላይ ሲከመር ወይም ነፋስ ሲበረታ ዛፍ ይወድቃል፣ ሽቦ ይበጠሳል፣ መብራት ይጠፋል። የቤት ባትሪ እዚያ ቶሎ ተፈላጊ መሆኑ አይገርምም።

የግዛቲቱ ትልቁ የኤሌክትሪክ አቅራቢ ግሪን ማውንቴን ፓወር እ.ኤ.አ. በ2017 ፓወርዎል 2 የተባለውን የቴስላ ባትሪ ለደንበኞቹ ማከራየት ጀመረ። ኋላ ላይ ኪራዩ ለሁለት ባትሪ በወር 55 ዶላር፣ ለ10 ዓመት ሆነ። ከኪራዩ ጋር አንድ ስምምነት አለ፦ ግሪዱ፣ ማለትም ሁሉም የሚጋራው የኤሌክትሪክ መረብ፣ ሲጨናነቅ ኩባንያው ከባትሪው ኃይል ይወስዳል።

ባትሪው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝን ነጭ ሳጥን ነው። 13.5 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ፍሪጅ፣ አምፖልና ዋይፋይ ብቻ ከሆነ ከአንድ ቀን በላይ ያቆያል። መብራት ሲጠፋ አብሮት የተገጠመው መሣሪያ ቤቱን ከውጭው መስመር ይነጥለዋል። ይህ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ባይነጥለው ኖሮ ከባትሪው የሚወጣው ኤሌክትሪክ ወደ መስመሩ ሄዶ፣ ሽቦ ለመጠገን ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድለው ይችላል።

መብራት ግን ሁልጊዜ አይጠፋም። ታዲያ ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት ዕቃ አብዛኛውን ዓመት ሥራ ፈቶ ይቀመጥ?

ቨርሞንት በአካባቢዋ ካሉ አምስት ግዛቶች ጋር በአንድ ግሪድ ተሳስራለች። በዚህ ግሪድ ላይ አንዲት በጣም ውድ ሰዓት አለች። አቅራቢዎች ለማመንጫ አቅም ከሚከፈለው ወጪ የሚደርሳቸው ድርሻ የሚሰላው፣ ፍጆታ ከዓመቱ ሁሉ በሚበልጥባት በዚያች ሰዓት ምን ያህል እንደተጠቀሙ ታይቶ ነው። መቼ እንደምትመጣ አስቀድሞ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ብዙ ጊዜ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ሙቀት፣ አመሻሹ ላይ ትመጣለች። ሰው ከሥራ ይገባል፣ ኤሲ ይከፍታል፣ ራት ይጥዳል። ፀሐይዋም እያዘቀዘቀች ስለሆነ የጣሪያው ሶላር ይደክማል።

ኩባንያው «ዛሬ ሳትሆን አትቀርም» ብሎ ሲገምት በኢንተርኔት ትእዛዝ ይልካል። ባትሪዎቹ በአንድ ጊዜ ያጠራቀሙትን መልቀቅ ይጀምራሉ። እያንዳንዳቸው 5 ኪሎዋት ቢሰጡ፣ 1,000 ባትሪ 5 ሜጋዋት ይሆናል። ጭስ የለውም፣ አዲስ መስመር መዘርጋትም አያስፈልግም። የቤቱ ባለቤት እራቱን እየበላ ምንም ላይታወቀው ይችላል። ብዙ ባትሪዎች እንዲህ እንደ አንድ ጣቢያ ሲሠሩ ምናባዊ የኃይል ማመንጫ ይባላሉ።

በሐምሌ 2018ቱ (እ.ኤ.አ.) ሙቀት ኩባንያው በቤት ባትሪዎቹና በሌሎች ማከማቻዎቹ ወደ 500,000 ዶላር እንዳዳነ ገልጿል። እኔ የምወድለት ነገር እዚህ ላይ ነው። የሚድነው ገንዘብ የሁሉንም ደንበኞች ታሪፍ ያግዛል። ባትሪ መስቀያ ግድግዳ የሌለው የአፓርታማ ተከራይም ይጠቀማል። የግዛቲቱ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2023 በየዓመቱ ለባትሪው የሚመዘገቡ ደንበኞች ቁጥር ላይ የነበረውን ገደብ ሲያነሳ በጎ ነገር አደረገ።

ሌላ ቦታ ስምምነቱ ይለያያል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ2022 የተጀመረ ፕሮግራም በአስቸኳይ ጊዜ ለተሰጠ እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ለባለቤቱ 2 ዶላር ይከፍል ነበር። መስከረም 2016 (እ.ኤ.አ.) ላይ ግዛቷ በሙሉ የጨለመባት ደቡብ አውስትራሊያ ደግሞ በ2018 እስከ 50,000 ቤቶችን የማገናኘት ዕቅድ አወጣች።

ችግር የለውም ማለት አይደለም። ኃይል ሲገባና ሲወጣ ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ይባክናል፤ ባትሪውም በሠራ ቁጥር ያረጃል። ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ «ባትሪዬን ባዶ ካደረጉት በኋላ መብራት ቢጠፋብኝስ?» ቨርሞንት ውስጥ ለዚህ መላ አላቸው። ማዕበል ሊመጣ ነው ከተባለ ኩባንያው ኃይል መውሰዱን ያቆማል፣ ባትሪዎቹንም ቀድሞ ጢም አድርጎ ይሞላል።