«ህዳር ሲታጠን» ምንድን ነው?

ህዳር 12 ንጋት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ መስኮቱን የከፈተ ሰው ወዲያው መልሶ ይዘጋዋል። በየደጁ ጭስ ነው። እናቶች ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ግቢውን፣ ደጁን፣ የአጥሩን ሥር ሳይቀር ጠርገው ጥራጊውን ከምረውታል። ልጆች ማን ክብሪት እንደሚጭር ይጨቃጨቃሉ። ደረቅ ቅጠሉ፣ ገለባው፣ ያለቀው መጥረጊያ፣ አፉን የከፈተው ጫማ ሁሉ በአንድ ጠዋት ይነዳል። ቀኑ የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል ነውና ምእመናን አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው በዚያው ጭስ መሃል ወደ ቤተ ክርስቲያን ያልፋሉ። «ምንድን ነው ነገሩ?» ብሎ ለጠየቀ እንግዳ መልሱ አጭር ነው፦ ህዳር ሲታጠን።

እኔ ልጅ ሆኜ ሚካኤልም እንደ መስቀል የራሱ ደመራ ያለው ይመስለኝ ነበር። ነገሩ የወረርሽኝ ትዝታ መሆኑን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የምናቃጥለው ቆሻሻ ነው፤ የምናባርረው ግን ጉንፋን ነው፣ ያውም ከመቶ ዓመት በፊት የመጣ ጉንፋን።

ጊዜው ህዳር 1911 ዓ.ም. ነው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተኩስ አቁም የተፈረመው በእኛ አቆጣጠር ህዳር 2 ቀን ነበር። ዓለም ጦርነቱ አለቀ ብሎ ሲጨፍር፣ ወታደር ከካምፕ ካምፕ፣ መርከብ ከወደብ ወደብ ያዛመተው ኢንፍሉዌንዛ ገና ጉልበቱ ላይ ነበር። ፈረንጆቹ «የስፔን ጉንፋን» አሉት። ከስፔን ስለመጣ አይደለም። ተዋጊዎቹ አገሮች ጋዜጦቻቸውን ሲያፍኑ ገለልተኛዋ ስፔን የንጉሥዋን መታመም ጭምር በግልጽ ስለጻፈች ስሙ ተለጠፈባት። እኛ በወሩ ጠራነውና የህዳር በሽታ ሆኖ ቀረ።

የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ያኔ ገና አንድ ዓመት ገደማው ነው። በቅሎ ሳምንታት የምትፈጅበት መንገድ ወደ ጥቂት ቀናት አጥሯል፤ መንገድ ሲያጥር ደግሞ ለነጋዴ ብቻ አያጥርም። በከተማዋ ብቻ የሞተው ሰው ከ5 ሺህ እስከ 10 ሺህ ይገመታል። ይህ ቁጥር ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ላለው ከተማ አይደለም፤ የያኔዋ አዲስ አበባ ከዛሬው አንድ ክፍለ ከተማ የምታንስ ነበረች። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንንም በበሽታው ክፉኛ ታመው ነው የተረፉት። ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ቢበዛም ብዙ አይፈይድም ነበር፣ ፔኒሲሊን ገና አልተገኘማ። በዓለም ዙሪያ ደግሞ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል።

የዚያን በሽታ ክፋት ልዩ ያደረገው የሚመርጠው ሰው ነው። ጉንፋን እንደ ልማዱ ሽማግሌና ሕፃን ላይ ይበረታል። ይሄኛው ግን ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለውን፣ ጎልማሳውን ጨምሮ ጣለ። እንግዲህ አንድ ቤት አስቡ፦ እንጀራ የምትጋግረው ተኝታለች፣ እንጨት የሚፈልጠው ተኝቷል፣ አያት ብቻዋን ውሃ ታቀብላለች። ጎረቤት እንዳይደርስላቸው ጎረቤትም ተኝቷል። አባቶቻችን ስለዚያ ወር ሲያወሩ ከሞቱ ይልቅ «ቀባሪ ጠፋ» የሚለውን የሚያስቀድሙት ለዚህ ይመስለኛል። ለእኛ ሰው ሰው ሳይቀብረው ከመቅረት የሚብስ ነገር የለም።

አሁን ወደ ቃሉ። «መታጠን» አማርኛ ውስጥ ብዙ ቤት አለው። ቤተ ክርስቲያን በዕጣን ትታጠናለች። አራስ ትታጠናለች። ጉንፋን የያዘው ሰው ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠል በድስት ተፍልቶለት፣ ጋቢ ከላይ ተከናንቦ፣ ላቡ ጠብ እስኪል በእንፋሎቱ ይታጠናል። «ህዳር ሲታጠን» የሚለውን ስሰማ ሁልጊዜ የሚታየኝ ይህ የመጨረሻው ነው፦ ወሩ ራሱ እንደ በሽተኛ ጋቢ ተከናንቦ፣ ከተማው ሁሉ ከሥሩ ቅጠል ሲያጨስለት። ያን ዓመት የታመመው ሰው ብቻ አልነበረም፣ ህዳርም ታሞ ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬ በየዓመቱ እናክመዋለን።

ለምን በጭስ? ምክንያቱም በዚያ ዘመን በሽታ ከሚሸት አየር ይመጣል የሚለው እምነት ሰፊ ነበር፣ እኛ ዘንድ ብቻም አይደለም፤ አውሮፓም ለረጅም ዘመን ያንኑ ሲል ኖሯል። በ1911 ዓ.ም. የዓለም ሊቃውንት ራሳቸው በሽታውን የሚያመጣ ነው ብለው የሚከሱት የተሳሳተ ባክቴሪያ ነበር። የሰውን ኢንፍሉዌንዛ የሚያመጣው ቫይረስ የተለየው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ስለዚህ ቆሻሻውን ጠርጎ ያቃጠለውን ሰው መሳቂያ ማድረግ አይገባም። ጥራጊ ማጥፋት ዝንብና አይጥ ይቀንሳል፣ ለተቅማጥም ለሌላውም ይበጃል። ለጉንፋን ግን አይሠራም። ኢንፍሉዌንዛ ከቆሻሻ ክምር ተነስቶ አይመጣም፤ ከሰው አፍ ነው የሚመጣው።

እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ትንሽ ያሳስተናል። አፍንጫ ሲያፈስም «ጉንፋን» ነው፣ ሰው ሳምንት አልጋ ላይ ሲወድቅም «ጉንፋን» ነው። «ብርድ መታኝ» ስንልማ ጭራሽ ጥፋተኛው ሰማዩ ይሆናል። ተራው ጉንፋን ቀስ እያለ ይመጣል፤ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ንፍጥ ይበዛል፣ ሰው ግን እየተሳደበም ቢሆን ሥራው ይሄዳል። ኢንፍሉዌንዛ በድንገት ይጥላል። ጠዋት ደህና የነበረው ሰው ማታ ትኩሳቱ ይነዳል፣ አጥንቱ ይቆረጣጠማል፣ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ደረቅ ሳል ያንገላታዋል። ቫይረሱ ከገባ ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል፣ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ቀን ገደማ። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፦ ሰውየው ምንም ሳይሰማው አንድ ቀን አስቀድሞ ማስተላለፍ ይጀምራል፣ ከታመመ በኋላም ከ5 እስከ 7 ቀን ያስተላልፋል። ሕፃናት ከዚያም በላይ ሊቆዩ ይችላሉ።

የሚተላለፈው ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ፣ ሲያወሩም በሚወጣ ፍንጣሪ ነው። ፍንጣሪው ያረፈበትን የበር እጀታ ወይም የታክሲ ብረት ይዞ አፍንጫን መነካካትም ያደርሰዋል። ለዚህ ነው ሳሙናና ውሃ የሚያስፈልገው። እጅ መታጠብ ላይ እንኳ እኛ አንታማም፤ ማስታጠቢያ ይዞ እንግዳን የሚያስታጥብ ሕዝብ ነን። ችግሩ የምንታጠበው ለምግብ ነው፣ ካሳልን በኋላ ግን ማንም አያስታጥበንም።

ከሁሉ የከፋው ግን አየሩ ነው። ሚኒባስ ውስጥ የሚሆነውን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ጠዋት ነው፣ ህዳር ነው፣ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ከኋላ አንድ ሰው ያስላል። ወጣቷ ተሳፋሪ መስኮቱን በጣት ስፋት ታንሸራትተዋለች። ወዲያው ከጎን የአንዲት ሴትዮ ድምፅ ይመጣል፦ «የኔ ልጅ፣ ያን መስኮት ዝጊልኝ፣ ምች ይመታኛል።» ትዘጋዋለች፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ምን ታድርግ። ከመገናኛ እስከ ፒያሳ የአንዱ ሳል ለሁሉም እኩል ይታደላል። አያቶቻችን የሸሹት አየር መልኩን ቀይሮ እዚህ ተቀምጧል፤ መድኃኒቱ ጭስ መጨመር ሳይሆን መስኮት መክፈት ነው። በእኔ እምነት በጉንፋን ወቅት አንድ ታክሲ ውስጥ የተከፈተ አንድ መስኮት ከአንድ ጭነት ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ይበልጣል። ይህን ለሴትዮዋ ማስረዳት ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ ሞክሬ ተሸንፌያለሁ።

ሠፈር ውስጥ ደግሞ የሚከብደው ሌላ ነው። የታመመ ይጠየቃል። እትዬ ተኝተዋል ከተባለ አሥር ሰው ብርቱካን ይዞ ይገባል፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ግንባራቸውን ይዳብሳል፣ ጉንጫቸውን ይስማል። በሩ ተዘግቷል፣ «ብርድ እንዳይገባባቸው»። ቡና ይፈላል። ሳይጠይቅ የቀረው ሰው ስሙ ይነሳል። ይህን ፍቅር ተው ማለት አይቻልም፤ ማንም ቢል የሚሰማው የለም። መንገዱን መቀየር ግን ይቻላል። አጥሚቱን ወይ ሾርባውን ሠርቶ በልጅ እጅ እስከ በር መላክ፣ ደውሎ ድምፃቸውን መስማት፣ በረንዳ ላይ ቆሞ «እንዴት አደሩ» ማለት፣ መድኃኒታቸውን ገዝቶ ማምጣት። ያው ጥየቃ ነው። አስታማሚ አንድ ሰው ይሁን፣ ማስክ ያድርግ፤ ክፍሉ በቀን ጥቂት ጊዜ ይናፈስ፤ ብርጭቋቸው ከሌላው አይቀላቀል። ጉርሻውም ለጊዜው ይቆይ። እኔ ታምሜ ሳለ ጎረቤታችን ሾርባውን የግቢው በር ላይ አንጠልጥላልኝ ስትሄድ መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ሾርባውን ስቀምሰው አለፈልኝ።

ይህን ማድረግ እንደምንችል ደግሞ አይተነዋል። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረ በኋላ በየታክሲ ተራው የውሃ በርሜልና ሳሙና ተተከለ፣ ሰላምታው ክርን ለክርን ወይም እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት ሆነ፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁም ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ድንኳንና እድርተኛ የለመደው ለቅሶ በስልክ ሆነ። ያ ጊዜ ብዙ ሰው ልቡ ውስጥ ቁስል ትቶ አልፏል፤ እናቱን በወጉ ያልቀበረ ሰው አውቃለሁ። ለጉንፋን ያን ያህል መዝጋት አያስፈልግም። የታመመው ሰው ለቅሶ ቤት ባይገባ፣ ትኩሳቱ ያለ ማስታገሻ ከለቀቀው በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ቤቱ ቢቆይ፣ ያሳለው ክርኑ ውስጥ ቢያስል፣ ድንኳኑ በአንድ ወገን ክፍት ቢሆን ትልቅ ነገር ነው። የእድሩ ዳኛ ስለ መዋጮ በሚናገርበት አፉ «ጉንፋን ያለበት በስልክ ያጽናና፣ ቅጣት የለበትም» ቢል ከየትኛውም ፖስተር ይልቅ ይሰማል። ብዙ ሰው እየታመመ የሚመጣው ቅጣቱንና ሐሜቱን ፈርቶ ነውና።

ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ፌጦ፣ ማርና ሎሚ? እያስታመሙ ማጽናናቱን አልጠላውም፤ ትኩስ ነገር መጠጣትም ይጠቅማል። የፈላ ድስት ላይ ሕፃን ማስታጠን ግን አደገኛ ነው፣ ያቃጥላል። ሌላው ጥፋታችን ከመድኃኒት ቤት አሞክሲሲሊን ገዝቶ መዋጥ ነው። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም። ጉንፋኑን ተከትሎ የሳንባ ምች ከመጣ ያን ጊዜ ያስፈልጋል፣ እሱን ደግሞ ሐኪም ነው የሚለየው። በ1911 ዓ.ም. ብዙዎቹን የገደለውም ቫይረሱን ተከትሎ የገባው ይኸው የሳንባ ምች ነበር። ስለዚህ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ ከንፈር ከጠቆረ፣ ሰው መቀባጠር ከጀመረ፣ ሕፃን አልጠባም ካለ፣ ወይም ትኩሳቱ ለቆ በኃይል ከተመለሰ ሳይታጠኑ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ነፍሰ ጡር፣ አዛውንት፣ ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ አስም፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ እስከዚያም መጠበቅ የለበትም።

ጭሱስ? ያኔ የሚነደው ቅጠልና ገለባ ነበር። ዛሬ ክምሩ ውስጥ ፌስታል፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ አንዳንዴም የመኪና ጎማ አለ። የህዳር ጠዋት አየሩ ቀዝቃዛና የረጋ ስለሆነ ጭሱ ወደ ላይ አይሄድም፣ ሠፈሩ ላይ ይተኛል። የጉንፋን መታሰቢያ ብለን አስም ያለበትን ሰው ሳንባ እናሳምማለን፤ የተቆጣ ሳንባ ደግሞ ጉንፋን ሲመጣ ይበልጥ ይጎዳል።

መጥረጉን ግን ብንተወው አልወድም። አንድ ከተማ ሙሉ፣ ክርስቲያን ሙስሊም ሳይል፣ ያለ አዋጅ በአንድ ቀን መጥረጊያ የሚያነሳበት ሌላ ጠዋት የለንም። እናቴ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጥራጊውን በማዳበሪያ ከረጢት አስራ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ትሰጣለች። ከደጃችን ፊት አንዲት እፍኝ የባሕር ዛፍ ቅጠል ብቻ ታጨሳለች፣ «ለወጉ» ትላለች። አስም ያለባት ጎረቤታችን ከአጥሩ ወዲያ ሆና «እሱንም ቢሆን ነፋሱ ወደኛ ነው» አለቻት። እናቴ ጥቂት አሰበችና ውሃ ደፋችበት።