«ስንት ፈረስ ነው?» እና ስለ ስፖርት መኪና የምናወራቸው ሌሎች ስህተቶች

ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ፊት ለፊት ፖርሽ ሲቆም ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ቡና የሚጠጣው ሁሉ ይወጣል። አንዱ ቸርኬውን ይነካካል፣ ሌላው በመስኮት ወደ ውስጥ ያያል፣ ሦስተኛው «ስንት ፈረስ ነው?» ይላል። ከዚያ ወሬው ይደራል። እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። ዲሲ በፓርኪንግ ሥራ ላይ ሳለሁ ስንት የሰው ፌራሪ አቁሜያለሁ፤ ከአንደኛ ማርሽ ግን አልፌ አላውቅም። በኋላ ያገለገለ ፖርሽ ቦክስተር ገዛሁና ዌስት ቨርጂኒያ ባለው ሰሚት ፖይንት መም፣ ሁላችንም እንደምንለው ትራክ ላይ፣ መንዳት ጀመርኩ። ያን ጊዜ ነው በር ላይ ቆመን ያወራነው አብዛኛው ነገር ልክ እንዳልነበረ የገባኝ።

«ጉልበት ያለው ይቀድማል»

የመጀመሪያ ቀኔ ነው። የኔ መኪና 250 የፈረስ ጉልበት አለው። ቀጥታው ላይ ደረቴን ነፍቼ ስሄድ አንዲት ቀይ ማዝዳ ሚያታ፣ ትንሽዬ ባለ ሁለት ወንበር መኪና፣ በመስታወቴ ብቅ አለች። 155 ፈረስ ናት። ቀጥታው ላይ እርቃታለሁ፣ ኩርባው ሲመጣ ጭራዬ ላይ ናት። ሦስት ዙር እንዲህ ሆንን። በመጨረሻ አሳለፍኳትና ሁለት ኩርባ ሳትዞር ከዓይኔ ጠፋች። ከትራኩ ስንወጣ ሹፌሯን አየኋቸው፤ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ ሻይ በፔርሙዝ ይዘው መጥተዋል።

አንዱ ምክንያት ክብደት ነው። ያቺ ሚያታ 1,060 ኪሎ ገደማ ብትሆን ነው። ጎማውም ፍሬኑም የሚሸከመው ትንሽ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ብትነዳት አትደክምም። ማዝዳ ይህን መኪና ከ1989 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) እየሠራ ነው፤ በ2016 አንድ ሚሊዮንኛውን አውጥቷል። ያን ያህል ሰው በጉልበት ተታሎ አይደለም የገዛው። ዋናው ምክንያት ግን አዛውንቱ ናቸው። ከኩርባ ሲወጡ የያዙት ፍጥነት ቀጥታውን ሙሉ አብሯቸው ይሄዳል። እኔ ኩርባው መሀል ስንፈራገጥ ያባከንኩትን 250 ፈረስ አይመልሰውም።

ስለዚህ መኪና ሞዲፋይ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ሲጠይቀኝ የሞተሩን ኮምፒዩተር ከመንካቱ በፊት ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ዘይትና አስተማሪ እለዋለሁ። ፊቱ ሲጠቁር አያለሁ። አንዳቸውም ድምፅ አያወጡማ።

«ትራክ መግባት ማለት ውድድር ነው»

አይደለም። ተራው ሰው መኪናውን ይዞ የሚገባበት ቀን የትምህርት ቀን ነው። ጀማሪ አጠገቡ አስተማሪ ይቀመጣል። ሰዓት አይያዝም፣ ዋንጫ የለም። መቅደም የሚቻለው በተፈቀደ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም የፊተኛው ሹፌር እጁን በመስኮት አውጥቶ «እለፍ» ሲል። ለእኛ ሰው ይሄ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። አዲስ አበባ ላይ የቀደመህን መልሰህ ካልቀደምክ እንቅልፍ የለም። እዚህ ግን እጁን ቶሎ የሚያወጣ ሰው ነው ጨዋ የሚባለው።

«ፍሬን እምቢ ካለ ሸራው አልቋል ማለት ነው»

ሊሆን ይችላል። ትራክ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የፍሬን ዘይቱ ነው።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የያዘው ኃይል 2.3 ሜጋጁል ገደማ ነው። መኪናው ሲቆም ይህ ኃይል አብዛኛው ፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል። በዚህ ሙቀት ሰባት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ እስኪፈላ ማድረስ ይቻላል። ለቡና ውኃ ስንት ደቂቃ እንደምትጠብቁ አስቡት፤ አራቱ ዲስኮች ግን ያን ሁሉ የሚቀበሉት በጥቂት ሴኮንድ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ከተማ ውስጥ አንዴ ፍሬን ትይዛላችሁ፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል። ትራክ ላይ ያው ኩርባ በአንድ ደቂቃ ተኩል ተመልሶ ይመጣል።

ሙቀቱ ከዲስኩ ወደ ሸራው፣ ከሸራው ሸራውን ወደሚገፋው ፒስተን፣ ከዚያ ወደ ዘይቱ ይሄዳል። ዘይት እንላለን እንጂ የሞተር ዘይት ዓይነት ነገር አይደለም። ከአየር እርጥበት የሚጠጣ ፈሳሽ ነው። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል። ፈሳሽ አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል። ፔዳሉን ስትረግጡት እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል፣ መኪናው ግን ይሄዳል።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ሁለተኛ ጊዜ ስገባ ነው የሆነው። መኪናውን የሸጠልኝ ሰው «ሁሉም ነገር ተቀይሯል» ብሎኝ ነበር፤ አመንኩት። ከረጅሙ ቀጥታ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ደርሼ ስረግጥ እግሬ ወለሉን አገኘው። አስተማሪው «ደጋግመህ ርገጥ! ደጋግመህ!» ይለኛል። ረገጥኩ፣ ትንሽ ያዘ፣ የቀረውን ሣሩ ላይ ጨረስነው። አቧራው እስኪበተን ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ ቀስ ብሎ «ዘይቱን መቼ ነው የቀየርከው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ብዙ ክለቦች ዘይቱ በስድስት ወር ውስጥ የተቀየረ መሆኑን ወረቀት ላይ አስፈርመው የሚያስገቡት ለዚህ ነው። የመጨረሻው ዙርም ቀስ ተብሎ ይነዳል፣ ፍሬኑ አየር እንዲያገኝ። ስታቆሙ የእጅ ፍሬን አትያዙ፤ የጋለ ሸራ የጋለ ዲስክ ላይ ተጣብቆ መቆየት የለበትም። ማርሽ ውስጥ ትታችሁ ውረዱ።

«ማርሚታ ቢቀየር ጉልበት ይጨምራል»

ጩኸት ይጨምራል። ተርቦ፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ በሌለው ዘመናዊ ሞተር ላይ የመጨረሻውን ማርሚታ ብቻ ቀይራችሁ የምታገኙት ትንሽ ነው፤ ጆሮ እንጂ ሰዓት አይለየውም። ተርቦ ያለው መኪና ላይ ነገሩ የተሻለ ነው። የጭሱን መርዝ የሚቀንሰውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር አውጥቶ መጣል ግን አሜሪካ ውስጥ ሕገ ወጥ ነው። ደግሞ ብዙ ትራኮች የድምፅ ገደብ አላቸው። ከፍላችሁ የገዛችሁት ጩኸት ራሱ ሊያስባርራችሁ ይችላል።

«ኩርባ ላይ ከደነገጥክ እግርህን አንሣ»

ተራ መንገድ ላይ ደመ ነፍሳችን ይሄ ነው፤ ብዙ ጊዜም ያወጣናል። በከፍተኛ ፍጥነት ኩርባ መሀል ግን ነዳጁን ድንገት ስትለቁት የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል። የኋላ ጎማዎች ይቀላቸዋል። የቀለለ ጎማ መሬት አይቆነጥጥም፣ ስለዚህ ጭራው ቀድሞ ሊዞር ይፈልጋል።

ፖርሽ 911 «ሰው ይገድላል» የሚል ስም ያወጣው ከዚህ ነው። ከ1963 ጀምሮ ሞተሩ ከኋላ ጎማዎቹ በስተጀርባ ተንጠልጥሎ ነው የሚሄደው፤ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ ኋላ ነው። የድሮዎቹ ላይ እግሩን ያነሣ ሰው ወደ መጣበት ሲመለከት ራሱን ያገኘዋል። የአሁኖቹ ግን ሰፊ ጎማ፣ የተሻለ ሰስፔንሽን (ሞላና ሾክ) እና መንሸራተትን የሚቆጣጠር ኮምፒዩተር አላቸው። አሜሪካ ውስጥ ይህ ኮምፒዩተር ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በሁሉም አዲስ የቤት መኪና ላይ ግዴታ ነው። ስለዚህ የዛሬው 911 ነፍሰ ገዳይ አይደለም፤ የዚያኑ ያህል «ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ ነው የምነዳው» የሚል ጀማሪ ጀግና አይደለም። መፍትሔው ኩርባ ከመግባታችሁ በፊት ፍሬን ጨርሶ መገላገል ነው። ዘግይታችሁ ከገባችሁም እግራችሁን ቀስ እያላችሁ አንሡ፣ መሪውን አትንጠቁት።

«ኑርበርግሪንግ የሙያተኞች ብቻ ነው»

ጀርመን ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ኑርበርግሪንግ የመኪና ውድድር ቦታ ነው፤ በ1927 የተከፈተው ኖርድሽላይፈ የሚባለው ረጅሙ መሙ 20.8 ኪሎ ሜትር ነው። የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮኑ ኒኪ ላውዳ በነሐሴ 1976 እሳት ውስጥ የገባው እዚያ ነው፤ ፎርሙላ ዋንም ከዚያ በኋላ ወደዚህ መም አልተመለሰም። ሆኖም በተመደቡ ቀናት ማንም መንጃ ፈቃድና ሕጋዊ መኪና ያለው ሰው ከፍሎ ይገባል። ቤተሰብ የጫነ ሚኒቫን ለትራክ ከተሠራው ፖርሽ ጂቲ3 ጋር አብሮ ሲሄድ ታያላችሁ።

ችግሩ ሰዎች ሁለተኛ ስህተት መሥራታቸው ነው፤ «ስለዚህ እንደ ልብ ነው» ይላሉ። በእነዚያ ቀናት ቦታው እንደ ማንኛውም የክፍያ መንገድ ነው የሚታየው። የጀርመን የትራፊክ ሕግ ይሠራል። መቅደም በግራ ብቻ ነው። ሰዓት ይዞ መሽቀዳደም ክልክል ነው። ብረቱን አጥር ብትገጩ የአጥሩ ዋጋ፣ የመጎተቻው፣ መንገዱ ከተዘጋም የመዘጋቱ ሒሳብ ወደ እናንተ ይመጣል። ብዙ የኢንሹራንስ ውሎች ደግሞ ይህን ቦታ በስም ጠቅሰው ያስቀሩታል።

አሜሪካም ቢሆን የተለመደው የመኪና ኢንሹራንስ በአብዛኛው ትራክን አይሸፍንም። ለአንድ ቀን የሚገዛ የተለየ ሽፋን አለ። ውላችሁን ከመግባታችሁ በፊት አንብቡ፤ ከተጋጫችሁ በኋላ ማንበብ ያስለቅሳል።

«አንድ ዕቃ ከቀየርክ ዋስትናው ይፈርሳል»

አሜሪካ ውስጥ በ1975 የወጣው የማግነሰን ሞስ ሕግ ይህን ይከለክላል። ሻጩ የገጠማችሁት ዕቃ ብልሽቱን ማምጣቱን ማሳየት አለበት። ሞላ ቀይራችሁ ሬዲዮው ቢበላሽ ሬዲዮውን ይሠሩላችኋል። የሞተሩን ኮምፒዩተር አስነክታችሁ ፒስተን ቢቀልጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ብዙ መኪኖች መነካታቸውን ራሳቸው ይመዘግባሉ።

«ውድ ቤንዚን ኃይል አለው»

ኦክቴን የሚለካው ነዳጁ ያለጊዜው ሳይፈነዳ ምን ያህል ግፊት እንደሚችል ነው። መኪናው ከፍተኛ ኦክቴን ካልጠየቀ ለ93 የምትከፍሉት ጭማሪ ከንቱ ነው። ከጠየቀ ደግሞ አትሰስቱ።

ጉልበት የሚሰርቀው ሌላ ነገር አለ፦ ከፍታ። ዴንቨር የሚኖሩ ወገኖቻችን ማደያ ላይ 85 ኦክቴን የሚያዩት አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ ከዚያም በላይ፣ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ተርቦ የሌለው 300 ፈረስ ሞተር እዚያ ወደ 235 ይወርዳል። አገር ቤት ወስዳችሁ «ነዳጁ ነው የገደለው» የምትሉት መኪና ትንፋሽ አጥሮት ሊሆን ይችላል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ይህ ችግር የለበትም።

«ያልተነዳ መኪና አዲስ ነው»

ባትሪው ይሞታል፣ ጎማው አንድ ቦታ ላይ ተኝቶ ቅርፁን ያጣል፣ የፍሬን ዘይቱም ቆሞም ቢሆን ውኃ ይጠጣል። ስትገዙ ከኪሎ ሜትሩ በፊት የጎማውን ጎን እዩ። አራት ቁጥር አለ፤ 2315 ካለ በ2015 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ደርቋል።

የጎማ ነገር ከተነሣ አየሩንም እንጨርሰው። ጠዋት 32 ፒኤስአይ ሞልታችሁ የገባችሁት ከ20 ደቂቃ በኋላ 40 ሊሆን ይችላል፤ ሲሞቅ ይነፋል። ልምድ ያላቸው ዝቅ አድርገው ይጀምሩና ትራኩን እንደ ወጡ ለክተው ያስተካክላሉ።

«ሄልሜት ሄልሜት ነው»

የሞተር ሳይክሉና የመኪናው ይለያያሉ። ሄልሜት የሚፈትነው የስኔል ድርጅት መለያ ያለው ሄልሜት ውስጡ ላይ ኤም ወይም ኤስኤ ይላል። ኤም ለሞተር ሳይክል ነው። ኤስኤ ደግሞ እሳት መቋቋሙና መኪና ውስጥ ካለ ብረት ጋር መጋጨትን መቻሉ ተፈትኗል። አንዳንድ ክለብ ኤምን ይቀበላል፣ ብዙው አይቀበልም። አንድ ወዳጄ የሞተር ሳይክሉን ይዞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ተነሥቶ መጣ። በር ላይ ውስጡን ገልብጠው አይተው መለሱለት፤ የሚያከራዩትም አልቆ ነበር። ቀኑን ሙሉ አጥር ላይ ተደግፎ በስልኬ ቪዲዮ ሲያነሣልኝ ዋለ። ግማሹ ቪዲዮ ላይ የሚታየው የራሱ ጣት ነው።