እየተመላለሱ ለሚጓዙ፦ ስለ ጉዞ የጤና ኢንሹራንስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አብዛኞቻችን የጉዞ ኢንሹራንስን የምናውቀው በኤምባሲ በኩል ነው። ለቪዛ ሲባል ይገዛል፤ ቪዛው ሲመታ ይረሳል። ለንግድ ዱባይና ጓንዡ ለሚመላለስ፣ ለስብሰባ አውሮፓ ለሚሄድ፣ ልጆቹን ሊጠይቅ አሜሪካ ለሚከርም ሰው ግን ይህ ልማድ ብዙ ያስከፍላል።

«ቪዛዬ መልቲፕል ነው፤ ኢንሹራንሱም አብሮ ይሠራል»

አይሠራም። የሼንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ሕግ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና በሁሉም የሼንገን አገሮች የሚያገለግል ኢንሹራንስ ይጠይቃል። መልቲፕል ቪዛ (ደጋግሞ ለመግባት የሚያስችል) ሲጠይቁ ግን የሚያቀርቡት ለመጀመሪያው ጉዞ የሚሆነውን ኢንሹራንስ ብቻ ነው። ለቀጣዮቹ ጉዞዎችም ኢንሹራንስ እንደሚያስፈልግዎት አውቀው የፈረሙት እዚያው ማመልከቻው ቅጽ ላይ ነው። ብዙ ሰው ይህን መስመር ሳያነብ ይፈርማል።

«የዓመት ከገዛሁ ዓመቱን ሙሉ ተሸፍኛለሁ»

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የዓመት ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውል) ዓመቱን ሙሉ ቢጸናም ለእያንዳንዱ ጉዞ የቀን ገደብ አለው። እንደ ውሉ 30፣ 45 ወይም 90 ቀን ሊሆን ይችላል። የ30 ቀን ገደብ ያለው ፖሊሲ ይዘው ዋሽንግተን ልጃቸው ጋ ሦስት ወር የሚቆዩ እናት በ40ኛው ቀን ቢታመሙ ኢንሹራንሱ አይከፍልም። ባለፈው ጉዞ ያልተጠቀሙባቸው ቀናትም ወደዚህኛው አይዞሩም።

ሁለተኛው ነገር ቦታው ነው። ርካሽ ሆነው የሚሸጡ ብዙ ፖሊሲዎች «ከአሜሪካና ካናዳ በስተቀር መላው ዓለም» ይላሉ። ለቻይና ጉዞ ተብሎ የተገዛው ወረቀት ኒውዮርክ ላይ ዋጋ የለውም ማለት ነው። አረቦኑን (የኢንሹራንሱን ዋጋ) ከመክፈልዎ በፊት የቀን ገደቡንና የአገሮቹን ዝርዝር በጽሑፍ ይጠይቁ።

«ስኳርና ግፊቴን ባልናገር ይሻላል»

አይሻልም። ሐኪም ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠየቁት «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? ከመቼ ጀምሮ?» ተብለው ነው። «አሥር ዓመት ሆኖኛል» ካሉ ይጻፋል። ያ ካርድ የካሳ ጥያቄውን ለሚመረምረው ሰው ይደርሳል፤ ክፍያውም ሊከለከል ይችላል። ብዙ ፖሊሲዎች ነባር ሕመምን አይሸፍኑም። ሕመሙ ድንገት ሲባባስ የሚከፍሉም አሉ፤ እነሱም ብዙውን ጊዜ የዕድሜና የገንዘብ ጣሪያ ያስቀምጣሉ። ወላጆቻችሁን የምታስመጡ ልጆች፣ እባካችሁ ፖሊሲው ውስጥ ስለ ነባር ሕመም የሚለውን አንቀጽ ራሳችሁ አንብቡት።

«ባንኮክ ወይም ሕንድ ሄጄ ብታከም ይከፍልልኛል»

የጉዞ ኢንሹራንስ የሚከፍለው መንገድ ላይ ለሚገጥም ድንገተኛ ሕመምና አደጋ ነው። ለሕክምና ተብሎ የተነሳ ጉዞ ከዚህ ውጭ ነው።

«አሜሪካ ማንንም ያክማሉ፤ ኢንሹራንስ ምን ያደርጋል?»

ግማሹ እውነት ነው። ከ1986 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት የድንገተኛ ክፍል ገንዘብ የለህም ብሎ ታካሚን መመለስ አይችልም። ሂሳቡ ግን በኋላ ቤት ድረስ ይመጣል። የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ኢንሹራንስ ስለማይጠይቅ ብዙዎች ባዶ እጃቸውን ይሄዳሉ። የገዙትም ቢሆኑ ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳቸው የሚወጣውን መጠን ማወቅ አለባቸው።

በተቃራኒው አቅጣጫም ያው ነው። አሜሪካ ጡረታ ወጥተው አዲስ አበባ የሚመላለሱ ወገኖቻችን ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ) ከአሜሪካ ውጭ በአጠቃላይ እንደማይከፍል ይወቁ። እዚህ ብዙ የግል ሆስፒታሎች ከማስተኛታቸው በፊት ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃሉ።

«ስለ ሞት ማንሳት ሟርት ነው»

ሰው በሰው አገር ሲሞት ማኅበረሰቡ ገንዘብ ሲያዋጣ አይተናል። አስከሬን ወደ አገር መመለስ ብዙ ፖሊሲዎች ውስጥ አለ። ችግሩ ቤተሰቡ ኢንሹራንሱ መኖሩን አለማወቁ ነው። የፖሊሲውን ቅጂ ቤት ላለ ሰው ይተዉ።

«ታክሜ ደረሰኙን ሳመጣ ይከፍሉኛል»

ሁልጊዜ አይደለም። ወረቀቱ ላይ የ24 ሰዓት የእርዳታ ስልክ አለ። መተኛት ወይም ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ብዙዎቹ ድርጅቶች አስቀድሞ እንዲደወል ይፈልጋሉ። ካልተደወለ ካሳውን ሊቀንሱ ይችላሉ። መደወል ካልቻሉ አብሮዎት ያለው ሰው ይደውል፤ ቁጥሩን ከወዲሁ ይስጡት። ሲወጡ የሐኪሙን ማስረጃና ዝርዝር ደረሰኝ ይቀበሉ። የዓመት ፖሊሲ ከሆነ ቦርዲንግ ፓስዎንም አይጣሉ፤ ጉዞው መቼ እንደተጀመረ ይጠየቃሉ።