ከሙሴና ከነቢያት ሁሉ ጀምሮ፦ ልጆቻችን በካቶሊክ ትምህርት ቤት ስለሚማሩት ብሉይ ኪዳን

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን።

በትንሣኤ ሳምንት ረቡዕ በላቲን ሥርዓት የሚነበበው ወንጌል የኤማሁስ መንገደኞች ታሪክ ነው (ሉቃ. 24፥13-35)። ዘንድሮም ተነበበ፣ ተሰበከ፣ አሜን ተባለ። በዚያው ሰሞን ግን አሜሪካ ውስጥ ልጆቻቸውን በካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሚያስተምሩ ወላጆች አፍ ሌላ ነገር ይሰማል። «የዕብራውያን መጻሕፍት የሚሉት ትምህርት ምንድን ነው? ልጄን አይሁዳዊ ሊያደርጉት ነው?» «ብሉይማ አልፎበታል፤ ወንጌል አይበቃም ወይ?» «ሁለት የፍጥረት ታሪክ አለ እያለ መጣ፤ እምነቱን አጠፉበት።» ይህን የሚሉት ከእሑድ ቅዳሴ የማይቀሩ ሰዎች ናቸውና ነገሩ ያሳዝናል።

እስቲ ወንጌሉን ቀስ ብለን እንየው። ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ከኢየሩሳሌም ስድሳ ምዕራፍ ያህል፣ በዛሬ መለኪያ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቅ መንደር እየሄዱ ነው። «እስራኤልን እንዲቤዥ ያለው እርሱ እንደ ሆነ ተስፋ አድርገን ነበር» ይላሉ፤ «ነበር» ብለው። ጌታ ከጎናቸው ይሄዳል። እጁንና እግሩን አሳይቶ «እኔ ነኝ» ሊላቸው ይችል ነበር፤ በዚያው ምሽት ለተሰበሰቡት እንዲያ አድርጓል (ቁ. 39)። ለእነዚህ ግን አስቀድሞ ሌላ ነገር ሰጣቸው፦ «ከሙሴና ከነቢያት ሁሉ ጀምሮ ስለ እርሱ በመጻሕፍት ሁሉ የተጻፈውን ተረጐመላቸው» (ቁ. 27)። በዚያ ቀን ማቴዎስ ወንጌሉን አልጻፈም፤ ጳውሎስም ገና አላመነም። ጌታችን በትንሣኤው ዕለት ያስተማረበት መጽሐፍ ልጃችሁ በቦርሳው ይዞት የሚመላለሰው መጽሐፍ ነው። እንጀራውን የቆረሰው ከትርጓሜው በኋላ ነው፤ ልባቸው የተቃጠለው ግን ገና በመንገድ ሳሉ፣ መጻሕፍትን ሲከፍትላቸው ነበር። እንግዲህ «አልፎበታል» የምንለው ማን ያስተማረበትን ነው?

ይህ አባባል አዲስ አይደለም። ማርቅዮን የተባለው ሰው የብሉይ ኪዳን አምላክ ሌላ ነው ብሎ ብሉይን በሙሉ ጣለ፤ የሉቃስን ወንጌል ቆራርጦ ከ10 የጳውሎስ መልእክታት ጋር ብቻ አስቀረ። የሮም ቤተ ክርስቲያን በ144 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ.) ለየችው። በሻይ ቤት ጨዋታም ቢሆን እርሱ ያለውን መድገም ለአንድ ካቶሊክ አይገባም።

ወደ ትምህርቱ እንግባ። ልጁ በ9ኛ ወይም በ10ኛ ክፍል፣ እንደ ትምህርት ቤቱ አንድ ሴሚስተር ወይም ሙሉ ዓመት ይማረዋል። «የዕብራውያን መጻሕፍት» የሚለው ስሙ የመጣው መጻሕፍቱ ዛሬም የአይሁድ ቅዱሳት መጻሕፍት መሆናቸውን ለማክበር ነው። መጀመሪያ የሚያደናግረው ቁጥሩ ነው። አይሁድ 24 ይላሉ፦ ሕግ 5፣ ነቢያት 8፣ ጽሑፎች 11። ጌታም «በሙሴ ሕግና በነቢያት በመዝሙራትም» ሲል (ቁ. 44) ይህን አከፋፈል የሚመስል ነገር ተናገረ። ፕሮቴስታንቶች የሚቀበሏቸው 39 መጻሕፍት እነዚያው 24ቱ ናቸው፤ ሳሙኤል፣ ነገሥትና ዜና መዋዕል ለሁለት ለሁለት ተከፍለው፣ ዕዝራና ነህምያ ተለያይተው፣ 12ቱ ደቂቀ ነቢያት ለየብቻ ተቆጥረው ነው። እኛ ጦቢትን፣ ዮዲትን፣ መጽሐፈ ጥበብን፣ ሲራክን፣ ባሮክንና ሁለቱን መቃብያን ጨምረን 46 እንላለን። ስለዚህ መጽሐፍ ቅዱስ ስትገዙ በአጠቃላይ 73 መጻሕፍት እንዳሉት ማውጫውን አይታችሁ ግዙ። በፕሮቴስታንቶቹ ባለ 66 መጽሐፍ ቅዱስ የሚያጠና ልጅ ስለ መቃብያን ሲጠየቅ ባዶ እጁን ይቀራል፤ ለሙታን የምንጸልይበትን ምክንያት የሚያሳየውን 2ኛ መቃብያን 12ንም አያገኘውም።

ከኦርቶዶክስ ቤት የመጡ ልጆችም በነዚህ ክፍሎች ብዙ ናቸው። የእነርሱ 81 ሲነሳ የሚስቅ አይጠፋም። ልጁ አይፈር፤ ለክፍሉ የሚናገረው አለው። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው፤ የአረማይክ ቁርጥራጮቹ ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ከተገኙት ጥቅሎች መካከል ወጥተዋል፤ የኩፋሌም የዕብራይስጥ ቁርጥራጮች እዚያው ተገኝተዋል። የይሁዳ መልእክት ቁ. 14ም ሄኖክን ይጠቅሳል።

አሁን ወላጆችን ወደሚያስደነግጠው ነገር እንምጣ። መምህሩ የጥፋት ውኃን ታሪክ (ዘፍ. 6-9) ሰጥቶ «ሁለት ቀለም ይዛችሁ አንብቡ» ይላል። ልጁ ሲያነብ 6፥19-20 ከእንስሳው ሁሉ ሁለት ሁለት ይላል፤ 7፥2 ከንጹሑ ሰባት ሰባት። 7፥17 ላይ አርባ ቀን፣ 7፥24 ላይ መቶ አምሳ ቀን። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ የእግዚአብሔር ስም በአንዱ ክፍል በአንድ መንገድ፣ በሌላው በሌላ መንገድ ታትሞ ያያል፤ በአማርኛው ግን ሁለቱም «እግዚአብሔር» ስለሆነ አባት ከልጁ ጋር ሲያነብ ልዩነቱ አይታየውም፣ ልጁም የፈጠረው ይመስለዋል። አልፈጠረውም። ብዙ ሊቃውንት እዚህ ቦታ ሁለት ጥንታዊ ትውፊቶች ተሸምነው እንደቀረቡ ያስተምራሉ። አንዱ ክፍል ለምን ሰባት እንዳለ 8፥20 ላይ ይታያል፦ ኖኅ ከመርከብ ወጥቶ ከንጹሑ እንስሳ ሁሉ መሥዋዕት አቀረበ፤ ሁለት ብቻ ቢሆኑ ዘራቸው በመሠዊያው ላይ ባለቀ ነበር።

ይህን ማየት ክህደት አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጲዮስ 12ኛ መስከረም 30 ቀን 1943 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት መልእክት የጥንት ጸሐፊዎችን የአጻጻፍ ዓይነት መመርመር የተርጓሚ ግዴታ ነው ብለዋል። 2ኛው የቫቲካን ጉባኤ ኅዳር 18 ቀን 1965 (እ.ኤ.አ.) ስለ መለኮታዊ መገለጥ ባወጣው ሰነድ ቁጥር 12 ላይ ይህንኑ አጽንቷል። ቀኖቹ የፈረንጆቹ ናቸው። ታዲያ መስከረም 30 በላቲን አቆጣጠር የቅዱስ ሄሮኒሞስ በዓል ነው፤ በቤተልሔም ተቀምጦ በስተርጅና ሳይቀር ከዕብራይስጥ ጋር የታገለው፣ ከአይሁዳዊ መምህር የተማረው፣ «መጻሕፍትን አለማወቅ ክርስቶስን አለማወቅ ነው» ያለው አባት። በነዲክቶስ 16ኛ በ2010፣ ፍራንቸስኮስ በ2019 ስለ እግዚአብሔር ቃል የጻፉት በዚሁ ዕለት ነው፤ የፍራንቸስኮስ መልእክት ርእሱን የወሰደው ከሉቃ. 24፥45፣ «አእምሮአቸውን ከፈተላቸው» ከሚለው ነው።

ተግሣጹ ለትምህርት ቤቶችም ይድረስ። ከጉባኤው ሰነድ ቁጥር 12 ግማሹ ብቻ ሲያስተምር ይታያል። ሰነዱ የጸሐፊውን ሐሳብና የአጻጻፉን ዓይነት መርምሩ ካለ በኋላ የመጻሕፍትን ሁሉ አንድነት፣ የቤተ ክርስቲያንን ሕያው ትውፊት፣ የእምነትን ስምምነትም ተመልከቱ ይላል። ልጆቹን ቀለም አስቀብቶ፣ ምንጩን አስለይቶ፣ ፈተና ሰጥቶ የሚያሰናብት መምህር ጥቅልሉን ፈትቶ መልሶ ያልጠቀለለ ነው። ልጁ ቤት መጥቶ «ታዲያ እውነት ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ያን ጊዜ አትቆጡት። የጥፋት ውኃ በ1ኛ ጴጥ. 3፥20-21 እንዴት ጥምቀት ላይ እንደ ደረሰ አብራችሁ አንብቡ።

የእኛ ሰው ችግር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ለመዝለል እንቸኩላለን። ረዓብ በመስኮቷ ያሰረችው ቀይ ፈትል (ኢያ. 2) የክርስቶስ ደም ነው ብለን ረዓብ ማን እንደሆነች፣ ለምን እንደፈራች ሳንጠይቅ እናልፋለን። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ቁ. 116 ሌሎቹ ትርጓሜዎች ሁሉ በቀጥተኛው ትርጉም ላይ እንደሚመሠረቱ ያስተምራል። በጽሑፍ ፈተና ልጆቻችን ነጥብ የሚያጡበት ዋናው ቦታም ይህ ነው። ጥያቄው «አሞጽ ለሰማርያ ሰዎች ምን አለ?» ይላል፤ ልጁ ስለ ቀራንዮ ጽፎ ይመጣል።

ነቢያትን ሲያጠና መጀመሪያ የመጽሐፉን ቁጥር 1 ያንብብ፤ ብዙውን ጊዜ የንጉሡ ስም እዚያ አለ። በደብተሩ ሽፋን ላይ አራት ዓመታት ይጻፍ፦ 722 ሰማርያ ወደቀች፣ 587 ኢየሩሳሌም ፈረሰች፣ 538 ቂሮስ ምርኮኞቹን ለቀቀ፣ 515 ሁለተኛው ቤተ መቅደስ ተፈጸመ፤ ሁሉም ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። አሞጽና ሆሴዕ ከመጀመሪያው በፊት፣ ኤርምያስ በሁለተኛው ዙሪያ፣ ሕዝቅኤል በምርኮ፣ ሐጌና ዘካርያስ በ520 ገደማ። ይህን ሳይዝ የገባ ልጅ ነቢያትን እንደ ጠንቋይ ያነባቸዋል፤ ሁሉም ስለ ሩቅ ዘመን ብቻ የሚናገሩ ይመስለዋል። አሞጽ «ዓመት በዓላችሁን ጠልቼዋለሁ» (5፥21) ያለው ፊቱ ለቆሙት፣ ድሀውን ስለ ጥንድ ጫማ ለሚሸጡት ነው። ይኸው ነቢይ 9፥7 ላይ «እናንተ ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን?» ይላል። ብዙ ሰው ጥቅሱን ለኩራት ይይዘዋል፤ በቦታው ላይ ግን የተመረጥን ነን ብሎ ለሚመካ ሁሉ የተነገረ ተግሣጽ ነው።

ስለ ኢያሪኮ ጥፋትና ስለ መሰሎቹ ልጁ ቢጠይቅ «የእግዚአብሔር ሥራ አይመረመርም» ብላችሁ አትዝጉት። በነዲክቶስ 16ኛ በ2010ሩ ሰነድ ቁ. 42 ይህን ራሱን አንሥተዋል፤ እግዚአብሔር ራሱን በታሪክ ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንደገለጠ፣ ነቢያትም ግፍን ሁሉ እንደተቃወሙ አስረድተዋል።

አሁን የሚያመው ነገር። በሰሙነ ሕማማት በአንዳንድ ቤት ስለ አይሁድ የሚነገረውን ልጆች ይሰማሉ። ሰኞ ክፍል ውስጥ ደግሞ ጥቅምት 28 ቀን 1965 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን የጉባኤውን ቃል ያነባሉ፤ በጌታ ሕማም የተደረገው ያኔ በነበሩት አይሁድ ሁሉ ላይ ያለ ልዩነት፣ በዛሬዎቹም ላይ ሊጫን አይችልም፣ አይሁድም የተጣሉና የተረገሙ ተደርገው አይቅረቡ ይላል። ልጁ ማንን ይመን? በገዛ አገራችን ኦሪትን በግእዝ ሲያነቡ የኖሩትን ቤተ እስራኤልን «ቡዳ» ስንል ኖረናል። ጳውሎስ «ሥሩ አንተን ይሸከምሃል እንጂ ሥሩን የምትሸከም አንተ አይደለህም» (ሮሜ 11፥18) ያለው ለእኛ ነው። ንስሐ የሚያስፈልገው ኃጢአት ነውና በኑዛዜ ይነገር።

በግእዝ ሥርዓት ቅዳሴ የምታስቀድሱ ደግሞ አንድ ነገር አስቡ። ከጳውሎስ፣ ከሐዋርያት መልእክታትና ከግብረ ሐዋርያት ይነበባል፣ ከዳዊት ምስባክ ይሰበካል፣ ወንጌል ይከተላል፤ ኦሪትና ነቢያት በብዛት የሚሰሙት በሰሙነ ሕማማት ነው። ስለዚህ እኛ ብሉይን በቤታችን ካላነበብን ከሌላው ያነሰ እንሰማለን። መዝሙር ስትፈልጉም ቁጥሩን አስተውሉ፦ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በግእዙ ዳዊት 22ኛው፣ በልጁ መጽሐፍ 23ኛው ነው።

በዚህ ትምህርት የከበዳችሁ ልጆች ደግሞ አይዟችሁ። ዝቅተኛ ውጤት እምነታችሁን አይለካም። መዝሙር 88ን (በግእዙ 87ን) አንብቡ፤ ከሌሎቹ የሐዘን መዝሙራት ተለይቶ በጨለማ የሚያልቅ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ግን እስከ ዛሬ ትጸልየዋለች።

እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ለወላጆች አንድ የቤት ሥራ ይኑር፦ መጽሐፈ ሩት። 4 ምዕራፍ፣ 85 ቁጥር ነው፤ በአንድ ምሽት ያልቃል። አይሁድ በበዓለ ሰዊት (ሻቩኦት በሚሉት የመከር በዓላቸው) በምኩራብ የሚያነቡት እርሱን ነው። መጀመሪያ ልጁ ታሪኩን ይንገራችሁ፦ ማን፣ የት፣ በማን ዘመን። ቀጥሎ ዘዳግም 23፥3ን ክፈቱ፤ ሞዓባዊ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይግባ ይላል። ከዚያ ማቴ. 1፥5ን። ሦስቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣችሁ «እንዴት ይስማማሉ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱን ቀድማችሁ አትንገሩት።