«ዲግሪህን እርሳው»፦ አሜሪካ ሄዶ ስለመማርና ስለማስተማር የሚወራውና እውነታው

አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብለው ዲቪ የደረሰው ሰው ሲሸኙ፣ ከማኪያቶው ጋር የማይቀር ምክር አለ። «ዲግሪህን እርሳው፤ እዚያ ሥራ ብቻ ነው።» መካሪው አብዛኛውን ጊዜ ቦሌን አልፎ አያውቅም። ሄዶ ማስተማር ለሚያስብ ሰው ግን ወሬው ዓመታት ያስበላል።

«የእኛ ዲግሪ እዚያ ተራ ወረቀት ነው»

አይደለም። እንደ ወርልድ ኤዱኬሽን ሰርቪስስ ያሉ ገምጋሚ ድርጅቶች ኮርስ በኮርስ አይተው ከአሜሪካው ጋር ያመዛዝኑታል። የሦስት ዓመት ዲግሪ እንደ ሙሉ ባችለር ላይቆጠር ይችላል። ያኔም ቢሆን የጎደለውን መሙላት እንጂ ሁሌም ከዜሮ መጀመር የለም።

«ቴምፖዬን (ጊዜያዊ ዲግሪዬን) ይዣለሁ፣ ይበቃኛል»

ብዙ ሰው የሚጠለፈው እዚህ ጋ ነው። ገምጋሚዎቹ በአብዛኛው የሚፈልጉት ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሚልከውን ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። ለተማሪው በእጁ የሚሰጠው ስቱደንት ኮፒ አይሠራም። ኮስት ሼሪንግ ከመጣበት ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ደግሞ ዕዳውን ሳይጨርስ ኦሪጅናል ዲግሪውን አያገኝም። ስለዚህ ስድስት ኪሎ የተማረ ሰው ሬጅስትራር የሚሄደው ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ነው። አለዚያ ሜሪላንድ ተቀምጦ፣ ኤምባሲ ሄዶ ውክልና ልኮ፣ እህቱን ከመስኮት መስኮት ማንከራተት ነው። ተሰልፋ «ሲስተም የለም»። በነጋታው «ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው»። ይህን የምትችል እህት ያለው ሰው ዕድለኛ ነው።

«ዲግሪ ካለህ ቀጥታ ክፍል ትገባለህ»

ይሄኛው የተገላቢጦሽ ስህተት ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት ለማስተማር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት ነው። ባችለር ዲግሪ፣ የመምህርነት ሥልጠና፣ ፈተና፣ የአሻራና የወንጀል ማጣራት አለ። እዚህ ስንት ዓመት ጠመኔ የያዘ ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ ፈተናው አይቀርለትም። ስለዚህ በረዳት መምህርነት የሚጀምሩ አሉ። ዘመድ «ዲግሪ ይዞ ረዳት?» ብሎ ከንፈሩን ይመጥጣል። እኔ ነውሩ አይታየኝም። ቀን ክፍል ውስጥ ሆኖ ቋንቋውንም የልጆቹንም አመል እየለመዱ፣ ማታ መማር ነው።

«እዚያ ትምህርት ለሀብታም ነው»

ውድ መሆኑ እውነት ነው። ግን ግሪን ካርድ ያለው ሰው ፋፍሳ የሚባለውን የድጋፍ ማመልከቻ ቅጽ ሞልቶ የፌዴራል ድጋፍ መጠየቅ ይችላል። ፔል ግራንት የሚባለው ድጋፍ ተመልሶ አይከፈልም፤ በመሠረቱ ግን ባችለር ለሌለው ነው፣ የእኛም ባችለር ይቆጠራል። ከ12ኛ ክፍል የሄደ ልጅ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ ቢዛወር ወጪው በጣም ይቀልለታል።

«በዚህ እንግሊዝኛ ማን መምህር አድርጎ ይቀጥርሃል?»

ማስተማሩን በእርግጥ ካላሰናከለ በስተቀር፣ በአነጋገሩ ብቻ ሰውን ከሥራ መከልከል በ1964ቱ የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ አይፈቀድም። ተማሪዎቹ ሕጉን አያውቁም፤ የመጀመሪያው ሳምንት ይስቃሉ። መርካቶም ቢሆን አዲስ መምህር ሲገባ ይሳቃል።